ሩቲን ያሸሹት አያት

ኦቦ ጎበና የልጃቸውን ልጅ ሩቲን ይዘው ዓለም ገና ላይ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ መኪናው ግን አልሞላ አለ። ቤታቸው ወዳለበት ወደ ሰበታ መንገድ ያያሉ፣ ይነሳሉ፣ መልሰው ይቀመጣሉ። ታፍረው ተከብረው የኖሩ ሽማግሌ የገዛ ልጃቸውን፣ የሩቲን እናት ፈርተው መሸሻቸው ነበር።

በዚህ መሃል የጎረቤታቸው ልጅ ራያ ገባች። ባዮቴክኖሎጂ ተምራ አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች።

«ኦቦ ጎበና፣ ደህና ዋሉ? ሩቲ ነገ ለዓይኗ ሕክምና ወደ ውጭ ትበር የለም እንዴ?»

«ሂን ታኡ! አይሆንም፣ አትበርም። ሱሉልታ እህቴ ዘንድ እወስዳታለሁ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እናቷ ማሪቱ አብዳለች። የልጅ ዓይን ውስጥ ቫይረስ ሊጨምሩ! በዚያ ክፉ ዘመን በቫይረስ ስንት ጎረቤት ቀብሬአለሁ። ሰፈሩ ቢሰማ ማን ልጁን ከእሷ ጋር ያጫውታል?»

ራያ አልሳቀችም፤ የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ በመሳቅ ነው። አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እነዚያን የገደለው ኤችአይቪ ነው፤ ይሄ ሌላ ነው፣ ሰው ሲያሳምምም አልታየም። ቫይረስ ሕዋስ ውስጥ መግባት ያውቅበታል። ሊቃውንቱ የሚራባበትን ነገር ከውስጡ ያወጡና፣ ሩቲ ከተወለደች ጀምሮ የተበላሸባትን ዘረመል ጤነኛ ቅጂ ይጭኑበታል። እሱ አድርሶ ያበቃል።»

«ሌባ መግቢያ ያውቃል ተብሎ ዕቃ አድርስ ይባላል?»

«ሌባው እኮ የለም፤ የቀረው መግቢያ የሚያውቀው ቅርፊቱ ብቻ ነው።»

«ምንም አያገኛትም ብለሽ ትምይልኛለሽ?»

«አልምልም። ዓይኗ ሊቆጣ ይችላል፤ ለዚያም መድኃኒት አለው፣ ይከታተሏታል። የሞተ ሕዋስ ግን አይመለስም። ሕክምናው የሚደርሰው እስከዛሬ ለተረፈው ነው። በቆየች ቁጥር የሚተርፈው ያንሳል።»

ጀምበር አዘቅዝቃለች። ሩቲ ያወለቀችው ጫማ እዚያው እግሯ ሥር ነው፤ እጇ ግን ወንበሩን፣ የራያን ቀሚስ፣ ወለሉን ይዳብሳል።

«አባባ፣ ሾፌሩን መብራት አብራ በለው» አለች።

መብራቱ በርቶ ነበር።

ሽማግሌው ጫማዋን አንስተው አጠለቁላት። እጠብቃታለሁ ብለው የቀራትን ብርሃን ሊያስጨርሷት ነበር። ረዳቱ ሞቲ «ሞላ፣ ሳበው!» ብሎ በሩን ሲዘጋ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

«ወራጅ አለ!»

ወርደው ለማሪቱ ደወሉ። «አታልቅሺ ልጄ፣ እኔ ጋ ናት። መጣን። ነገ እኔው እሸኛችኋለሁ።»

ራያም አብራቸው ወርዳ ነበር፤ ደማቸው አልረጋ የሚል፣ ጡንቻቸው የሚዝል ሕመምተኞችም በዚሁ ዘዴ መታከም እንደጀመሩ እያወራች ወደ ሰበታ መኪና መራቻቸው።

«ሰፈሩስ?» አለቻቸው በመጨረሻ።

«ሰፈሩን ለእኔ ተይው» አሉ የሩቲን እጅ ጠበቅ አድርገው። «ማንም በሹክሹክታ ሳያወራው፣ የልጅ ልጄ በቫይረስ ታከመች ብዬ ቀድሜ የምናገረው እኔ ነኝ።»