ከበሩ የሰፋው ጠረጴዛ

እታለም፣ እንዴት ዋልሽ? ልጆቹስ? ...ይሄ መጋረጃ አዲስ ነው? አቤት ሲያምር! ኧረ በሩን አትዝጊው፣ ነፋስ ይግባልን። ሳሎን የተቀመጠ ሰው እንደሆነ ጋዜጣ ሲያነብ ጆሮ የለውም።

የመቁረጫ ጠረጴዛዬ? ደረሰ እኮ! ያውም ከቀጠሮው አንድ ቀን ቀድሞ። አናጢ ሲቀድም ሰምተሽ ታውቂያለሽ? የውሉ በረከት ነው። አንድ የማውቀው አዋቂ ሰው ነው ያረቀቀልኝ... ማንነቱን ተዪው። አሥራ አንድ ገጽ! አናጢው ቢዘገይ የሚቀጣው ቅጣት ብቻ ስድስት ገጽ። እንዲህ ያለ ጭንቅላት በየቤቱ ይገኛል? ...በአንዳንድ ቤት ብቻ።

ታዲያ አናጢው በቃሉ፣ «የሱቅሽ በር ጠባብ ነው፣ ለሁለት የሚፈታ አድርጌ እሠራዋለሁ» ብሎኝ ነበር። «ይሄም ይጻፍልኝ» ብዬ ለመንኩ። አዋቂው ሳቀብኝ። «የአናጢ ወሬ ውል ውስጥ አይገባም» አለ። እውነቱን ነው፤ ወሬውም አልገባ፣ ጠረጴዛውም አልገባ!

አናጢውን ብጠይቀው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ያልተጻፈ አልተባለም።» ...ይቺን አባባል የት ነበር የሰማኋት? እዚሁ አካባቢ መሰለኝ።

ወደ አዋቂው ተመለስኩ። በቃል የተባለው ይቆጠርልኛል ወይ? ካሳስ አገኛለሁ? መነጽሩን ወለወለና «አከራካሪ ነው፣ ሊቃውንቱም አልተስማሙበትም» አለኝ። ይስማሙ እንግዲህ፣ እኔ ምን አስቸኮለኝ? ስልሳ ዩኒፎርም አለብኝ፣ ትምህርት ቤት የሚከፈተው ሰኞ ነው፤ ግቢ ውስጥ ላስቲክ ወጥሬ እቆርጣለሁ። ደመና ባየሁ ቁጥር ሊቃውንቱ ትዝ ይሉኛል። ትናንት የአሥራ ሁለት ልጅ ሸሚዝ ጭቃ በላው። አለቀስኩ፣ ምን እደብቅሻለሁ... ከዚያ ደግሞ ሳቄ መጣ። ሰው «ላም አለኝ በሰማይ» ይላል፤ የኔዋ እኮ ደጅ ቆማ ትታየኛለች! አያስመሰግንም?

ደግሞ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። እኔ በቃል ያለውን መርሳት አቃተኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።

ምነው ጋዜጣው ተንኮሻኮሸ? ...የአንቺን ባል? ኧረ ምን በወጣኝ! እሱን ማን ነካው?

በይ ልሂድ፣ ደመናው ጠቆረ። ያን አዋቂ ሰው ግን እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅልኝ፣ እጁን ይባርክልኝ። ከልቤ ነው የምመርቀው... ያው፣ በቃል ቢሆንም።