የጫማው ሳምንት

ቷ… ጭፍ። ቷ… ጭፍ።

ገና ከአልጋዬ ሳልነሣ የሰማሁት ድምፅ ይህ ነበር። አንዱ እርምጃ ጣውላውን እንደ መዶሻ ይመታዋል፤ ተከታዩ እንደ እርጥብ ጨርቅ ጭፍ ብሎ ይወድቃል። የቤታችን ደረጃ ያረጀ ስለሆነ ማን እንደወጣ ማን እንደወረደ ሳላይ ለይቼ አውቃለሁ። የአናጺው እርምጃ ያዘግማል፤ የልብስ አጣቢዋ ይጣደፋል። ይሄኛው ግን እንግዳ ሆነብኝ። ብቻውን የሚኖር ሰው ሐሳቡ ሩቅ ይሄዳልና፣ አንድ እግሩ የእንጨት የሆነ መርከበኛ ከባሕር ተመልሶ ቤተሰቡን ፍለጋ ከደረጃ ደረጃ ሲንከራተት ታየኝ። በሬን ከፈትሁ።

መርከበኛው አምስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ሆና ተገኘች። በቀኝ እግሯ ጥቁር የቆዳ ጫማ፣ በግራዋ ቢጫ የጎማ ጫማ አድርጋለች። እጇን ይዘው የሚያወርዷት አያቷ ናቸው። ሰፈሩ “አባ ቁልፍ” ይላቸዋል፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የግምጃ ቤት ኃላፊ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ጥርት ያሉ ሰው ናቸው።

“እንደምን አደሩ አባባ?”

“ምን አደርኩ ትለኛለህ፣ ተማሪው!” ትምህርቴን ከጨረስሁ ሰንብቷል፤ ለእሳቸው ግን መጽሐፍ በብብቱ የያዘ ሁሉ ተማሪ ነው። “እያት እስቲ! ከላይ እስከ ታች እያት!”

“ጫማዋ…”

“ጫማ አትበለው! ጫማ ማለት ሁለት ነው። ይሄ አንድና አንድ ነው።”

ልጅቷ እግሮቿን በየተራ እያነሣች አሳየችኝና ፈገግ አለች። አባ ቁልፍ ግን ደማቸው ፈልቷል። “ትናንት ጎረቤት ከመዋእለ ሕፃናት አምጥታ በር ላይ ስትሰጠኝ እንዲህ ሆና መጣች። ሌላ ጫማ አጥታ አይደለም ዛሬም በዚሁ የማወጣት። ማስረጃ ነው! ምን ተማርሽ ብላት ‘ጫማ’ አለችኝ። ከትናንት ወዲያስ? ‘ጫማ’። ነገስ? ‘ጫማ!’ ሊስትሮ ሊያደርጉልኝ ነው እንዴ? በቃኝ። አሁን ሄጄ አስወጣታለሁ። እማዶ ያለው ትምህርት ቤት ልጆቹን ቁጭ አድርጎ ፊደል ያስቆጥራል፤ እዚያ አስገባታለሁ። አንተም ና፤ የተማረ ምስክር ያስፈልገኛል።”

እምቢ የምልበት ምክንያት አልነበረኝም። መንገዱን ሙሉ ልጅቷ በአያቷ ትእዛዝ “ሀ ሁ ሂ ሃ” እያለች በዚያ ባልተስተካከለ እርምጃዋ ትመታው ነበር።

መዋእለ ሕፃናቱ ድሮ የመኪና ማቆሚያ የነበረ ሰፊ ክፍል ነው። ሙጫ ሙጫ ይሸታል። ልጆቹ በካልሲ ወዲያ ወዲህ ይላሉ፤ ጫማቸው ደግሞ መሐል ወለሉ ላይ ተቆልሏል፤ የትልቅ ሰው ጫማም አለበት። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ትልቅ ወረቀት መካከሉ ጫማ ተሥሎበት ከጫማው በየአቅጣጫው መስመር ይወጣል፤ በየመስመሩ ጫፍ ጽሑፍ አለ።

መምህርቷ ወጣት ናት፤ ጣቶቿ ላይ ሙጫ ደርቋል። አባ ቁልፍን ስታይ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ጎንበስ ብላ ሰላምታ አቀረበች። የልጅቷን እግር ስታይ ግን ፊቷ ቀላ።

“አባባ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ትናንት በጓደኛ ጫማ መራመድ የሚባል ጨዋታ ነበረን። ጫማውን ሳላስመልስ ወላጆች መጡና ተበተንን። የአንዱ ልጅ እናትም ዛሬ ሳትቆጣ አትቀርም።”

“እኔ የመጣሁት ለጫማው ብቻ አይደለም፣ ልጄ። ይሄ ሸረሪት ምንድን ነው?” አሉ ከዘራቸውን ወደ ወረቀቱ ዘርግተው።

“የሳምንቱ ዕቅዴ ነው።”

“ዕቅድ ተራ አለው። አንደኛ፣ ሁለተኛ ይላል። ይሄ ሸረሪት ነው።”

“ሸረሪትም ድሯን የምትጀምረው ከአንድ ቦታ ነው፣ አባባ። መሐሉ ላይ ያለው ርእሱ ነው። ልጆቹ በየቀኑ የሚያዩትንና የሚነኩትን አንድ ነገር እመርጣለሁ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ፦ በዚህ ነገር ምን ሊቆጥሩ ይችላሉ? ምን ያወሩበታል? እጃቸው ምን ይሠራበታል? እግራቸውስ? ከጓደኛ ጋር መስማማትን በምን ይማሩበታል? ጫማን የመረጥሁት የሌለው ልጅ ስለሌለ ነው። አዲስ ይሁን አሮጌ፣ ይቆጠራል።”

“ታዲያ በቀጥታ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አትያቸውም? ምን ዙሪያ ጥምጥም አስኬደሽ?”

“እላቸዋለሁ። ሦስት ስል ግን ምኑ ሦስት እንደሆነ እንዲያውቁ እፈልጋለሁ። ትናንት አንዱ ልጅ ጫማዎቹን ቆጥሮ ዐሥራ አንድ ናቸው አለ። ሌላው ‘እንግዲያው አንዱ ጠፍቷል’ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር ገብቶ አወጣው። እኔ ምንም አላልኩም።”

አባ ቁልፍ የዘረጉትን ከዘራ አወረዱ። ሲቆጡ ፈጣን የነበሩት ሰው፣ “ጎዶሎ መሆኑን በምን አወቀ?” ብለው የጠየቁት ለራሳቸው ያህል ነበር። ዕድሜ ልኩን ጎዶሎ ሲፈልግ የኖረ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር በቀላሉ አያልፈውም። ግን ወዲያው ራሳቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

“ስሚኝ ልጄ፤ በከንቱ አይደለም የምጮኸው። የዚች ልጅ እናት የወለድኳት ልጄ ናት፤ ሌላ ከተማ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ለምን? አምስተኛ ክፍል ላይ አቋረጠች። እኔ ጠዋት ወጥቼ ማታ ስመለስ፣ ደብተሯን አንድ ቀን ገልጬ ሳላይ፣ እጄ ላይ እያለች ከትምህርት ቀረች። ይቺንም እንደዚያው ላደርጋት ነው? በዓመቱ መጨረሻ ትልቁ ትምህርት ቤት ፊደል ይጠይቃታል። ስለ ጫማ የሚጠይቃት የለም። ብትወድቅ ለእናቷ ምን ብዬ ልነግራት ነው?”

እኔ ከደረጃው ጀምሮ ቀልድ መስሎኝ የነበረው ነገር ቀልድ አለመሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ብዙ ጊዜ የድሮ ሰው አዲስ ነገር ሲጠላ ግትር እንለዋለን፤ ግትርነቱን ትንሽ ብንገልጠው ሥሩ ፍርሃት ይሆናል፣ ፍርሃቱም ከፍቅር የመጣ።

መምህርቷም የገባት ይመስለኛል፤ ወንበር አቀረበችላቸው። ወንበሩ የሕፃን ነበርና ጉልበታቸው እስከ ደረታቸው ደረሰ።

“ፊደል ያስተምሯታል አይደል፣ አባባ?”

“በየማታው! እንደ ውኃ ትለዋለች። በይ እስቲ!”

ልጅቷ ቀጥ ብላ ቆማ አንበለበለችው። መምህርቷ አመሰገነቻትና አንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ “መ” ብላ ጽፋ አሳየቻት። ልጅቷ ወረቀቱን አየች፣ አያቷን አየች፣ ከዚያም ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ከ“ሀ” ጀመረች።

“ትደርስበታለች! ቆይ፣ ትደርስበታለች!” አሉ አባ ቁልፍ ከትንሿ ወንበር ላይ ሊነሡ እየታገሉ።

“ትደርስበታለች። ግን በጠራናት ቁጥር ከመንደሩ ጫፍ ተነሥታ ነው የምትመጣው” አለች መምህርቷ በለሆሳስ። ቀጥላም ከጫማው ቁልል አጠገብ ካሉት ሣጥኖች አንዱ ላይ የተለጠፈውን ፊደል በጣቷ ነካች። “ይሄስ?”

“ጫ!” አለች ልጅቷ ሳታስብ። “የጫማ ጫ! እኔ ነኝ የለጠፍኩት። እግሩን አጣምሜበት ነበር፣ ደግሜ ሠራሁት።”

“ጨ!” አሉ አባ ቁልፍ ደንግጠው። “ጨ ጋ ገና አልደረስንም እኮ! ማን አስተማረሽ?”

“ስለምፈልገው ነው።”

ይህን መልስ ለመተንተን ጊዜ አላገኙም፤ በጫማው ቁልል ዙሪያ ጠብ ተነሥቷል። ልጆቹ ጫማውን በሦስት ሣጥን እየለዩ ነበር፤ ማሠሪያ ያለው፣ ዘለበት ያለው፣ ዝም ብሎ የሚጠለቅ። አንድ ጉንጫም ልጅ ማሠሪያ ያለውን የራሱን ጫማ ይዞ ይጮሃል። የእኛይቱ ልጅ ሮጣ ገባችበት።

“የሚጠለቀው ውስጥ ነው የሚገባው!”

“ገመድ አለው እኮ!”

“አለው፣ ግን ፈትተኸው አታውቅም! ሁልጊዜ ዝም ብለህ ነው የምታጠልቀው! አይቼሃለሁ!”

አባ ቁልፍ ይህን ሰምተው መቀመጥ አልቻሉም። ከዘራቸውን እኔ ላይ ጥለው ቁልሉ አጠገብ ደረሱ። “ዝም በሉ! ዕቃ የሚመደበው በተሠራበት ነው፤ ባለቤቱ እንደሚጠቀምበት አይደለም። ገመድ ካለው ገመድ ያለው ጋ ይገባል። አለቀ!”

ጉንጫሙ ልጅ አፉን ሞልቶ ሳቀ። ልጅቷ ግን አልተበገረችም። ቁልቁል የአያቷን እግር ስታይ ቆይታ፣ “አባባ፣ ያንተስ?” አለች።

ሁላችንም አየን። የአባ ቁልፍ ጫማ ማሠሪያው ከዓመታት በፊት ታስሮ እዚያው ደርቋል፤ ተረከዙ ተረግጦ እንደ ነጠላ ጫማ ተኝቷል።

“ጠዋት ጠዋት በማንኪያ ነው የምታስገባው። ፈትተኸው አታውቅም” አለች ልጅቷ፣ ፍርድ እንደሚሰጥ ዳኛ።

እስኪቆጡ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ትከሻቸው ተነቃነቀና ሳቁ፤ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። “ወይ ጉድ! ወይ ጉድ! ግምጃ ቤት እያለሁ እንዲህ ብሎ የሚከራከረኝ አንድ ሠራተኛ አልነበረም!” ከዚያ ድንገት ሳቃቸውን ገታ አድርገው ወደ መምህርቷ ዞሩ። “ቤት ውስጥ እንዲህ ተናግራ አታውቅም። ‘በይ’ ስላት ትላለች፤ ‘በቃ’ ስላት ዝም ትላለች። ልጅቷ ዝምተኛ ናት ብዬ ነበር።”

“ከራሷ የሚወጣ ነገር የሚጠይቃት አላገኘችም ይሆናል፣ አባባ” አለች መምህርቷ። ንግግሯ ወቀሳ አልነበረበትም።

አባ ቁልፍ ወደ ግድግዳው ሄደው ያንን ሸረሪት ከመስመር እስከ መስመር መረመሩት። “እዚህ ላይ ጉድለት አለብሽ” አሉ በመጨረሻ። “የወጣ ዕቃ ሳይመለስ በር አይዘጋም። ለጨዋታው ሰዓት መድበሻል፤ ለመመለሻው አልመደብሽም። ደግሞም ለእኛ ለወላጆች አልነገርሽንም። ሳምንቱ የጫማ መሆኑን ባውቅ ኖሮ ማታ ማታ ከእሷ ጋር ስለ ጫማ አወራ ነበር።”

“እውነትዎን ነው። መመለሻውም የትምህርቱ ክፍል ነበር፤ ሳላስበው ቀረሁ” አለችና እርሳስ አንሥታ እዚያው ፊታቸው ሁለት አዲስ መስመር ጨመረች።

በዚህ መሐል በሩ ብርግድ ብሎ ተከፈተ። ፀጉር ሠሪዋ ናት፤ የጉንጫሙ ልጅ እናት። ማበጠሪያዋ ገና ፀጉሯ ላይ እንደተሰካ ነው፤ በአንድ እጇ ጥቁር የቆዳ፣ በሌላው ቢጫ የጎማ ጫማ አንጠልጥላለች።

“ይሄ ትምህርት ቤት ነው ወይስ አሮጌ ተራ? ልጄን ባዶ እግሩን አስቀሩት! ዛሬ አሮጌ ጫማውን አጥልቄለት ነው የላክሁት። ገበያዬን ጥዬ መጣሁ!”

መምህርቷ አፏን ስትከፍት አባ ቁልፍ እጃቸውን አነሡ።

“እመቤቴ፣ ቁጣሽ ልክ ነው። እኔም ከአንቺ ቀድሜ በዚሁ ነገር መጥቻለሁ። ጫማው ይመለሳል፤ መምህርቷም ጥፋቷን አምናለች። እስቲ ግን ልጅሽን እዪው።”

“ምን ያደርጋል?”

“ዕቃ ይመድባል። ስንቱ ተማርሁ ባይ የማይችለውን ሥራ። አንድ ጫማ ይዞ ስንት ነገር ሲማር ሰነበተ መሰለሽ? ጥንድ ከጎዶሎ ይለያል፤ ይሄ ሒሳብ ነው። ‘እንዲህ ያልኩት ስለዚህ ነው’ ይላል፤ ትልቅ ሰው እንኳ የሚያቅተው ንግግር ነው። ማሠሪያ ሲያሥር ጣቱ ይበረታል፤ የበረታ ጣት ነገ እርሳስ ይይዛል። ፊደሉንም ከሚያውቀው ነገር ጋር አያይዞ ስለሚማረው አይጠፋበትም። የእኔዋ ልጅ ያላስተማርኳትን ፊደል ስታነብ በጆሮዬ ሰማሁ! የሰው ጫማ አድርጎ መራመዱም ቢሆን፣ ሌላው ምን እንደሚቆረቁረው ያሳውቀዋል።”

“ትምህርቱ ግን? ትምህርቱስ የት አለ?” አለች ፀጉር ሠሪዋ፤ ድምፅዋ ግን እንደ መግቢያዋ አልነበረም።

“ይኸው እኮ የምነግርሽ! ማስተማር ብዬ የማውቀው ከእኔ አፍ ወደ ልጅቷ አፍ መገልበጥን ነበር። ለካ መጀመሪያ ማሰብ አለ። ይቺ መምህርት ሌሊት ተቀምጣ ለአንድ ጫማ ይህን ሁሉ መንገድ ስታስብ ነው የምታድረው።”

ፀጉር ሠሪዋ ማበጠሪያዋን ከፀጉሯ ነቅላ በእጇ ስታገላብጥ ቆየች። “የሚቀጥለውስ ሳምንት ምንድን ነው? ፀጉር ከሆነ እኔ መጥቼ አሳያቸዋለሁ” አለች።

መምህርቷ ሳቀች። ቢጫዎቹ ጫማዎች ተገናኙ፤ ጥቁሮቹም ተገናኙ። ልጅቷ የጉንጫሙን ልጅ ጫማ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ፣ የጠነከረውን ቋጠሮ በጥፍሯ ትፈታለች። አያቷ አጠገቧ ቆመው ቁልቁል ያዩዋታል። አንዴ ሊያግዟት እጃቸውን ሰደድ አደረጉና መልሰው ሰበሰቡት።

“እንግዲህ አባባ፣” አለች መምህርቷ ቀረብ ብላ፣ “ልጅቷን ይዘዋት ሊሄዱ ነው?”

አባ ቁልፍ ከዘራቸውን ከእጄ ወሰዱ፣ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ፣ ለማንም ደኅና ዋሉ ሳይሉ በካልሲ በሚሯሯጡት ልጆች መካከል እየተጠነቀቁ፣ ልጅቷን ከቋጠሮዋ ጋር ትተው ብቻቸውን አለፉና፣ በሩን ከኋላቸው ቀስ አድርገው ገጠም አደረጉት።