ከምድጃ በላይ የተሰቀለው ካሜራ

ዲጂታል ከመጣ ወዲህ ቦንጋ ውስጥ ሰፊ ፊልም የሚጎርስ አሮጌ ካሜራ በርካሽ ይገኛል። ያየኋቸውን ሁሉ ግን እርጥበቱ ሌንሳቸውን አሻግቶታል። ባላቸው ፎቶ አንሺ የነበሩት እትዬ አስካለ የሟቹን ካሜራ ከዘር በቆሎው ጋር ከምድጃ በላይ ሰቅለውታል።

«እትዬ፣ ካሜራ ነው ቋንጣ?»

«ሳቅ! ጭስ ያለበት ሻጋታ አይደርስም።»

ጥላሸቱን ስጠርገው መስታወቱ ጥርት አለ። ልግዛው ስል እምቢ አሉ። «መሥራቱ ሳይታይ አልሸጥም። የሞተ ዕቃ ሸጠች አልባልም።»

ፊልም ከትቼበት እሳቸውን ፎቶ አነሳሁና ካሜራውን እዚያው ትቼ ፊልሙን አዲስ አበባ ወስጄ አሳጠብኩ። ፎቶውን ይዤ ስመለስ ትክ ብለው አዩት።

«ባሌ የከተማውን ሰው ሁሉ ሲያነሳ፣ እኔን አንድ ቀን ቁሚ አላለኝም» አሉ። «በል ውሰደው፤ ይሠራል።»