ለነጂ የተቀዳ ጽዋ

አያ ወልደ ሩፋኤል ከደምበጫ ተነሥተው ደብረ ማርቆስ የገቡት በማለዳ ነበር። ነገር ግን ረፋዱ እስኪጋመስ ከሆስፒታሉ አጥር ጥግ ቆመው በሩን አሻግረው ከማየት በቀር ወደ ውስጥ አንዲት እርምጃ አልተራመዱም። ፈርተው ነበር። ሽፍታም ወረርሽኝም ያዩ የሰባ ዓመት ሰው ናቸው፤ እንደዚያ ቀን ግን ፈርተው አያውቁም። ከግቢው ሬሳ የጫነ መኪና በወጣ ቁጥር "የእኛው ይሆን?" እያሉ ከዘራቸውን ጨብጠው ይንቀጠቀጣሉ።

የእኛው የሚሉት ዘመዳቸውን አይደለም፤ አብዱልቃኒ የሚባል የደምበጫ ባለሱቅ ነው። ከአራት ቀን በፊት፣ በሚካኤል ዕለት ከቀትር በኋላ፣ የእኅታቸው የእቴናት ልጅ የሽዋስ በሚኒባሱ ገጭቶ ጥሎታል። የሽዋስ ያን ጊዜ የወጣው ከእሳቸው ቤት፣ ከጽዋ ማኅበር ነበር። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት አለቃው፣ ራሳቸው አያ ወልደ ሩፋኤል ናቸው። አሁን የሽዋስ ታስሯል፤ አብዱልቃኒም ራሱን እንደሳተ ነው።

"አያ ወልደ ሩፋኤል! ምነው በደኅና ነው እዚህ የቆሙት?"

ዞር ሲሉ የጎረቤታቸውን ልጅ ሙሉብርሃንን አዩ። ሕግ ተምራ በደብረ ማርቆስ የጥብቅና ሥራ ከጀመረች ሦስት ዓመቷ ነው።

"እግዜር ነው ያመጣሽ ልጄ። የየሽዋስን ነገር ሰምተሻል?"

"ሰምቻለሁ። እንዲያውም ጠበቃው እኔ ነኝ፤ እናቱ ትናንት መጥተው ወከሉኝ። የጉዳተኛውን ሁኔታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።"

ሽማግሌው ደስ አላቸው። ግራ ቀኙን ቃኝተው ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። "እንግዲያውስ አታስቢ፤ እኛ ነገሩን ጨርሰነዋል። ነገ አምስት የማኅበር ሽማግሌዎች ፖሊስ ዘንድ ሄደን ቃላችንን እንሰጣለን። ልጁ አንድም መጠጥ አልቀመሰም፣ ሰውየው ነው ዘሎ መንገዱ ውስጥ የገባው እንላለን። አምስት ነጭ ሽበት ማን ደፍሮ ሐሰት ይላል?"

የሙሉብርሃን ፊት ተለወጠ። "ቀምሶ አልነበረም እንዴ?"

"ቀምሶማ ነበር። ግን ጠላ ምግብ እንጂ መጠጥ ነው? አረቄዋም ብትሆን ከሦስት መለኪያ አትበልጥም። 'መኪና ይዣለሁ ይቅርብኝ' ብሎ ነበር፤ እኔ ነኝ 'በሞቴ! የመልአኩን ጽዋ ትገፋለህ?' ብዬ የቀዳሁለት።"

ይህን ብለው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሰው አንዳንድ ነገር የሚሰማው ከራሱ አፍ ሲወጣ ነው።

"አያ ወልደ ሩፋኤል፣" አለች ሙሉብርሃን በትሕትና፣ "ፖሊስ የዚያኑ ዕለት በትንፋሽ መለኪያ ለክቶታል። መሣሪያው ጠላና አረቄ አይለይም፣ የማን ዝክር እንደሆነም አይጠይቅም። ሕጉ ከወሰነው በላይ ከተገኘ፣ ነጂው ባይሰክርም ጥፋት ነው።"

"ወግ ነው! አባቶቻችን ከድግስ ጠጥተው በበቅሎ ሲመለሱ ማን ለካቸው? አባቴ ኮርቻው ላይ እንዳንቀላፋ ስንቴ ቤቱ ገብቷል።"

"በቅሎይቱ ስላልጠጣች ነዋ! መንገዱን የምታይ፣ ገደሉን የምትሸሽ እሷ ነበረች። የሚኒባስ ዓይኑ ግን ነጂው ነው። እሱ ከጠጣ መኪናው ዕውር ሆነ ማለት ነው።"

አያ ወልደ ሩፋኤል ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ነገር ግን ጎጃሜ በአንድ ምት አይረታም። "መልካም። ጠጥቷል እንበል። በአገራችን ደም ሲፈስ እኮ ደንብ አለው። ድንጋይ ተሸክመን ከበዳዩ ጋራ ከተበዳዩ ደጅ እንወድቃለን፣ እንክሳለን፣ እንታረቃለን። ከታረቅን ወዲያ መንግሥት ምን ቤት ነው?"

"እርቁን ማን ከለከለ? ይውደቁ፣ ይካሱ፤ ቂም ቢቀር ለሁሉም ይበጃል። ዳኛውም ቅጣት ሲወስን ካሣና ንስሐ ያይለታል። ክሱ ግን አይቀርም። አብዱልቃኒ ይቅር ቢል ይቅር የሚለው ለራሱ ብቻ ነው፤ ነገ በዚያው መንገድ ስለሚያልፈው ሰው ይቅር ሊል አይችልም።"

"ሰውየው ቢሞትስ?" አሉ ወደ ሆስፒታሉ በር እያዩ።

"ጠጥቶ እየነዳ ሰው የገደለ፣ ቅጣቱ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስ ይችላል።"

አሥራ አምስት! ሽማግሌው የእኅታቸውን ዕድሜ አሰቡ። እቴናት ልጇን ዳግመኛ በቤቷ ሳታየው ትሞታለች። ከአጥሩ ሥር ካለ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። "ታዲያ አንቺ ጠበቃ ነኝ ትያለሽ፤ ካልዋሸንለት በምን ታድኚዋለሽ?"

"ጠበቃ ውሸት አይሸምንም። ማስረዳት የዐቃቤ ሕግ ፈንታ ነው፤ እኔ የትንፋሽ መለኪያው በትክክል መሥራቱን፣ ቃሉም ሳይገደድ መወሰዱን እመረምራለሁ። ዝም ማለት መብቱ ነው። የሚጠቅመውንም አቀርባለሁ፤ አልሸሸም፣ ሰውየውን ራሱ አንሥቶ ለሕክምና ያደረሰ እሱ ነው። እናንተ ግን ነገ ብትዋሹ፣ ይቺን ያለችውን እውነቱን ታበላሹበታላችሁ። ከዚያም ፍርድ ቤት በመሐላ ስትጠየቁ አምስታችሁም በሐሰት ምስክርነት ትከሰሳላችሁ። አንድ እስረኛ ስድስት ሆነ ማለት ነው።"

እንዲህ ሲነጋገሩ ከሕንፃው ውስጥ የሴት ጩኸት ተሰማ። አያ ወልደ ሩፋኤል ብድግ አሉ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። "ሞተ! በቃ ሞተ!" እያሉ ከአጥሩ ጋራ ተጣበቁ። ሙሉብርሃን ሮጣ ገባች። እስክትመለስ ያለው ጊዜ ለሽማግሌው ከሁዳዴ ጾም ረዘመባቸው። የሟች ልጆች ስንት ይሆኑ? የሽዋስስ ሲነገረው ምን ይል ይሆን? "የቀዳሁለት እኔ፣ የሚታሰር እሱ፣ የሚቀበር ሌላ" እያሉ ደረታቸውን ደቁ።

ሙሉብርሃን ስትመለስ አንዲት ሒጃብ ያደረገች ሴት አብራት ወጣች። የጮኸችው ሌላ ሐዘንተኛ ኖራለች። ይህቺኛዋ ሳጂዳ ናት፣ የአብዱልቃኒ ሚስት። አራት ቀን እንቅልፍ ያላየ ዓይኗ ደም ለብሷል። አያ ወልደ ሩፋኤልን አታውቃቸውም፤ ነጭ ጥምጣማቸውንና ሽበታቸውን አይታ ብቻ ቀረበቻቸው።

"አባባ፣ ትልቅ ሰው ነዎት፤ ዱዓ ያድርጉልኝ። ባሌ ዛሬ ዓይኑን ገለጠ። ሐኪሞቹ ግን ገና ነው፣ አልለየለትም ይላሉ። ደግሞ ሰው 'ራሱ ነው ዘሎ የገባው' እያለ ያወራል አሉ። ዳር ዳሩን ይዞ ሲሄድ አይቼዋለሁ እኮ! ከሱቃችን ደጅ ቆሜ እያየሁት!"

ያን ወሬ ገበያ ያስገቡት የማኅበሩ ሽማግሌዎች ነበሩ። አያ ወልደ ሩፋኤል ሙሉብርሃንን አዩ፤ እሷ መሬት መሬት ታያለች። ቢክዱ ይችሉ ነበር፤ ጸልየው ቢሄዱ ማንም አይጠይቃቸውም። ነገር ግን ሬሳ በወጣ ቁጥር እንደዚያ መንቀጥቀጥ ዕድሜ ልካቸውን እንደሚከተላቸው ገባቸው።

"ልጄ፣" አሉ ጥምጣማቸውን አውልቀው፣ "ባልሽን የገጨውን ልጅ ያጠጣሁት እኔ ነኝ። አልፈልግም እያለ በሞቴ ብዬ የቀዳሁለት። ባልሽ ዘሎ አልገባም። ነገ ለፖሊስ ይህንኑ እናገራለሁ።"

ሳጂዳ አልጮኸችም፣ አልተሳደበችምም። ፊቷን አዙራ ወደ ባሏ ተመለሰች።

ሽማግሌው ቃላቸውን ጠበቁ። አራቱ ሽማግሌዎች አኩርፈው፣ "ዘመድህን በገዛ አፍህ አሳሰርህ" አሏቸው፤ ቢሆንም ያለ እሳቸው መስከር ስለፈሩ እነሱም ውሸቱን ተዉት። የሽዋስም ከጠበቃው ተማክሮ ጥፋቱን አመነ።

በተከታዩ የሚካኤል ማኅበር አያ ወልደ ሩፋኤል ጽዋው ከመቀዳቱ በፊት ተነሥተው ደንብ አወጡ። መኪና፣ ባጃጅ ወይም ሞተር ይዞ የመጣ ቁልፉን ለሙሴው ያስረክባል፤ ይዞ መመለስ የሚሻ የማያሰክር ብርዝ ይቀዳለታል፤ ለነጂ "በሞቴ" ያለ ከማኅበሩ ይወጣል። አንዱ ማኅበርተኛ "መልአኩ አይቀየምም?" ቢላቸው፣ "መልአኩ የሚቀየመው ከዝክሩ የወጣ ሰው ሲገድል ነው" አሉት።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ሰፈር እናቶች ልጃቸው ከድግስ እስኪመለስ በር በር አያዩም። ነጂው መንጃ ፈቃዱንና እንጀራውን ይዞ ያድራል፤ እግረኛውም በገዛ እግሩ ቤቱ ይገባል። ለዚህ ሁሉ የተከፈለው አንዲት መለኪያ አልፈልግም ማለት ብቻ ነው። እንዲህ ርካሽ ሆኖ ሳለ አስቀድመን አለማድረጋችን ያሳፍራል።

አብዱልቃኒ በሕይወት ተረፈ፤ ቀኝ እግሩ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነለትም። ፍርድ ቤቱ ማመኑን፣ መካሱንና ሰውየውን ለሕክምና ማድረሱን አይቶ ለየሽዋስ ቅጣቱን አቀለለለት፤ ያም ሆኖ አንድ ዓመት ከስድስት ወር ተፈረደበት፣ መንጃ ፈቃዱም ታገደ። እቴናት ፖሊሶቹ ልጇን ይዘውት ሲወጡ ከችሎቱ ደጅ ተቀምጣ አለቀሰች።

ሳጂዳ ከባሏ ጋራ ከችሎቱ ስትወጣ አያ ወልደ ሩፋኤልን አጠገቧ አየቻቸውና ቆም አለች። "ይቅር ብያለሁ ብዬ አልዋሽዎትም አባባ። እግሩን ሳየው አሁንም ይነደኛል። ነገር ግን ያን ቀን ባይነግሩኝ፣ ባሌ ከእግሩ ሌላ ስሙም ተሰብሮ ይቀር ነበር።"

"እኔም ራሴን ይቅር አላልኩም ልጄ" አሉ።

አብዱልቃኒ ምርኩዙን ይዞ ከደረጃው አፍ ላይ ቆሟል፤ ወደ ታች ማየት ያስፈራዋል። አያ ወልደ ሩፋኤል ጠጋ ብለው ክንዳቸውን ሰጡት። ጥቂት አመንትቶ ያዛቸው፣ አንድ አንድ ደረጃ እየቆጠሩም አብረው ወረዱ።