ተራ ወታደር ማዘዝን ይማር ወይ? የባሻ ሳኪዩሲ ስንብት

ክቡር ኮሎኔል ቴቪታ፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የሰፈራችን ልጆች፤

ስለ ግብዣው እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከጠዋት ጀምራችሁ ጉድጓድ ምሳችሁ፣ ድንጋይ አግላችሁ፣ አሳማውን ከነጎደሬው ቀብራችሁ ያበሰላችሁልኝ ልጆች፣ እጃችሁ ይባረክ። ሃያ ስምንት ዓመት ስጮህባችሁ ኖሬ እንዲህ ካበላችሁኝ፣ ወይ ወዳችሁኛል፣ ወይ መሄዴን ወዳችሁታል።

ኮሎኔል፣ «ባሻ፣ ዛሬ እንኳ አትቆጣ» ብለውኛል። ሞክሬ ነበር። አልሆነልኝም።

ጠረጴዛዎ ላይ አንድ ወረቀት አለ። ሰኞ ወይ ይፈረማል ወይ ይጣላል። ተራ ወታደር ሁሉ፣ ትናንት የተመለመለው ሳይቀር፣ የሁለት ሳምንት የአመራር ሥልጠና በግዴታ ይውሰድ ይላል። ከሦስት ዓመት በፊትም መጥቶ ነበር። አስተያየት ስጥ ስባል በቀይ እስክሪብቶ ምን ጻፍኩ? «ሁሉም አዛዥ ከሆነ ምሽጉን ማን ይቆፍራል?»

ሳቃችሁ። ያኔም ተሳቀ፤ ወረቀቱም በዚያው ቀረ።

ከሰባት ወር በኋላ ሰላም ልናስከብር በረሃ ወረድን። አንዱ ኬላችን ላይ አራት ልጆች ነበሩ፤ ጓድ መሪው አስር አለቃ ሶሎሞኔ፣ አፒሳይ፣ ማናሳና ኪቲዮኔ። ጠዋት ሻይ ሲያፈሉ ሞርታር ወደቀባቸው። ሶሎሞኔ እዚያው ቀረ። የኪቲዮኔን ጭን ፍንጣሪ ቀደደው። ከዚያ ታጣቂዎቹ እየተኮሱ ከሸለቆው ወጡ።

እኔ ስምንት ኪሎ ሜትር ርቄ ዋናው ሰፈር ሬዲዮ ላይ ነበርኩ። አፒሳይ ጠራኝ።

«ባሻ፣ እየገቡብን ነው!»

«ጓድ መሪህን አቅርብልኝ!»

«ባሻ፣ እሱ እኮ...»

«ከተራ ወታደር ጋር አልነጋገርም! አለቃህን አምጣ ብያለሁ!»

«ራስ የለውም፣ ባሻ። ጭንቅላቱ የለም።»

«ታዲያ አሁን የሚያዝዘው ማን ነው?» አልኩት። የሰማሁት ተኩስ ብቻ።

ለምን ዝም አለ? ፈሪ ስለሆነ? አይደለም። አጠገቡ ማናሳ አለ፤ ራቱ ማናሳ፣ ማዕረጉ እንደሚለው የመንደራቸው ባላባት ልጅ። አፒሳይ እኮ በእነማናሳ ደጃፍ ጎንበስ ብሎ ነው ያደገው። ማናሳ ቁጭ ብሎ እሱ ቆሞ አያውቅም፤ በኛ ደንብ ከተቀመጠ ባላባት በላይ መቆም ነውር ነው። እንዴት ብሎ «ተነስ፣ ሩጥ» ይበለው? ማናሳ ደግሞ ጨዋ ልጅ ነው። ለውትድርና ሦስት ወሩ ነበር፣ አፒሳይ አራት ዓመቱ። ቀዳሚው ይዘዘኝ ብሎ አፍ አፉን ያየዋል።

ተከባበሩ! መትረየሱ ከነጥይቱ መሃላቸው ተቀምጦ፣ አስራ አንድ ደቂቃ ሙሉ ተከባበሩ። እኔም ሬዲዮ ላይ አለቃ ፍለጋ እጮሃለሁ። «አፒሳይ፣ አንተ እዘዝ» ማለት አቅቶኝ ነው? አፌ አላወቀውም። እኔንም ማንም አላስተማረኝም።

ታጣቂዎቹ አጥሩን ዘለው ገቡ። አንዱ የአፒሳይን መንጋጋ በሰደፍ ሰበረው። ያው፣ ብረት አስገብቶ እዚያ ማዶ ተቀምጧል፤ ዛሬም አሳማ አያኝክም።

አሁን አንዳንዶቻችሁ «ይሁን፣ ግን የፈለገ ይማር፣ ግዴታው ለምን?» ትላላችሁ። ሻለቃ ኢኖኬ ትናንት ይህንኑ ብለውኛል። ሻለቃ፣ ራቱ ማናሳ ሳይመዘገብ አፒሳይ ቀድሞ እጁን ያነሳ ነበር? በጭራሽ! የኛ ልጅ ከታላቁ ፊት በፈቃዱ አይቆምም። ከጠላት ይልቅ ነውርን ይፈራል። ስለዚህ በትእዛዝ ይቁም። «ታዝዤ ነው» ካለ፣ አባቱም ባላባቱም አይቀየሙትም።

ይህን ለማለት ብቻ አልነበረም የመጣሁት። የኪቲዮኔ እናት፣ እማማ ሜሬዋሌሲ፣ እዚህ ፊት ለፊቴ አሉ። ሬሳውን ይዤ ቤትዎ የመጣሁ ዕለት «ወዲያው ነው ያረፈው፣ አልተሰቃየም» አልኩዎት። ዋሸሁዎት፣ እማማ።

ልጅዎ ወዲያው አልሞተም። ጭኑን በሁለት እጁ ጨምቆ፣ ደሙን ይዞ፣ አስራ አንድ ደቂቃ ሁለቱን ጓደኞቹን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ጮኸ። እኔም በሬዲዮ ሰማሁት።

«ማናሳ፣ ተነስ! መትረየሱን ያዝ! አፒሳይ፣ በግራ፣ በዚያ በግራ!»

ማናሳ ተነሳ። የገቡትን አጨዳቸው፤ የቀሩት ሸሹ። አፒሳይ የነገረኝን ልንገርዎት፣ ከዛሬ በኋላ አልችልም። ኪቲዮኔ ግራውን ለማሳየት እጁን ከጭኑ አነሳ። ያ እጅ ተመልሶ ደሙን አልያዘም። እኔ ያንን ወረቀት ባልጥለው፣ ሌላ ሰው ያዝዝ ነበር፤ የእሱ እጅ ጭኑ ላይ ይቆይ ነበር።

ኮሎኔል፣ አስተያየቴን ሰርዣለሁ። ይፈርሙ።

ልጆቼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። የሄዳችሁበት ይቅናችሁ። የምትወጡ ሁሉ በእግራችሁ ተመለሱ፤ እናቶቻችሁም ከኔ ዓይነት ሰው ውሸት አይስሙ።

እማማ፣ ይቅር ካሉኝ እሰየው። ካላሉኝም እውነት አለዎት።