ሽማግሌ ያጡ ጀግኖች

ባለፈው ከሮቫ ሔት ሰፈር በአውቶቡስ ስመለስ አጠገቤ አንዲት የእኛ አገር ልጅ፣ ወታደር ናት፣ ተቀምጣ ኮሚክስ የሚሉትን የሥዕል መጽሐፍ ታነባለች። አጮልቄ ሳይ ካባ የለበሱ፣ ጭንብል ያጠለቁ ጎበዞች በቡጢ ይነራረታሉ። "ጠላቶቹ የትኞቹ ናቸው?" አልኳት።

"ጠላት የለም አባባ። ሁለቱም ቡድን ጥሩ ነው፤ ዓለምን ሲያድኑ ኖረው አሁን እርስ በርስ ተጣሉ።"

"ማን አጣላቸው?"

"ጸሐፊዎቹ ናቸዋ፣ ኮሚክሱ እንዲሸጥ።"

"ታዲያ ሽማግሌ መሀል አልገባም?"

ሳቀች። "ሽማግሌ የላቸውም።"

ተናደድኩ። ጎንደር ሳለሁ ደም የተቃቡ ሰዎች አስታርቄያለሁ። እዚህ አገር ሰው ሲጣላ ቤት ሚሽፓት የሚሉት ፍርድ ቤት ሄዶ ይካሰሳል እንጂ የእኔን በር አያንኳኳም። "ይኼን ሁሉ ጉልበተኛ የሚገላግል አንድ ሰው ይጥፋ?" ብዬ ጮህኩ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየን።

መውረጃዋ ሲደርስ ኮሚክሱን ጭኔ ላይ አኖረችው። "በሴደር፣ እሺ፣ እንግዲያው አንቱ ያስታርቋቸው" ብላኝ ወረደች።

ዕብራይስጥ ማንበብ አልችልም። ቢሆንም ማንም ወደሌለበት ቤቴ ገብቼ፣ ጋቢዬን ደርቤ፣ ኮሚክሱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። የሁለቱንም ወገን ፊት ደጋግሜ አየሁ። ቀልዷን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እዚህ አገር ከገባሁ ወዲህ ሰው አስታርቅ ብሎ የሰጠኝ ጠብ እሱ ብቻ ነው።