ባላምባራስ ይርዳው ከባልቴቷ ጋር የተቋጠረ ዕለት

በእኛ ዘመን አንኮበር ላይ ጠበቃ እንደ ዛሬው ወረቀት አይዝም፣ በአፉ ነው የሚያድር። ጎረቤቴ ይርዳው ታዲያ ዘንጉን እየነቀነቀ «ተጠየቅ» ብሎ ሲሟገት ገበያተኛው ሸክሙን አውርዶ ይሰማው ነበር። በኋላ ዘመተና ጀግኖ ተመለሰ፣ ንጉሡም ለምድ ሸለሙት፣ ባላምባራስ አሉት፣ አገር ግዛ ብለውም ሾሙት። በአጥሬ ቀዳዳ ሳይ፣ ለምዱን ለብሶ ላሙ ፊት ይንጎራደዳል። ምን ያስቃችኋል፣ በዓይኔ ያየሁት ነው።

እና ሹመቱን ሳይረከብ አጥሩን ገፋ። የጎረቤታችንን የባልቴቷን የዘነበችን የገብስ ማሳ፣ ሌላ የሌላትን፣ ግማሹን ዋጠው። ብትለምነው «ባልሽ ሰጥቶኝ ነው የሞተው» አላት። ሟች ተነሥቶ አይመሰክር ነገር።

ታዲያ ሹመቱን ሊረከብ ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄድ ለታ፣ በቅሎው ላይ ሊወጣ ሲል ዘነበች ደርሳ የነጠላዋን ጫፍ ከለምዱ ጫፍ ቋጠረችው። «በንጉሥ አምላክ፣ ሳንዳኝ አትሄድም።» ያኔ እንዲያ የተቆራኘ ሰው ዳኛ ሳያየው ቢፈታ ንጉሡን እንደ መድፈር ነው። ለምዱን አውልቆ እንዳይጥል ደግሞ የንጉሥ ሽልማት ነው።

«አንቺ ሴትዮ ፍቺኝ፣ ይመሽብኛል።»

«ይምሽ፣ ጌታዬ።»

በእኛ ጊዜ በንጉሥ አምላክ ከተባለ መንገደኛም ይዳኛል፤ እና አንድ የጫጫ አህያ ነጂ ሲያልፍ አስቁመን ድንጋይ ላይ አስቀመጥነው። «ተናገሪ» አላት። ዘነበች ከአያቷ ጀመረች፣ ወደ ጎርፉ ሄደች፣ ወደ ላሟ በሽታ ሄደች፣ ማሳው ጋ አልደርስ አለች። ይርዳው ይቁነጠነጣል፣ ይቁነጠነጣል፣ በመጨረሻ ሙያው አላስቻለውም።

«ኧረ እንዲያ አይባልም። ባሌ ሲሰጥህ ማን አየ በይኝ።»

«ማን አየ?»

«ቀና ብለሽ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ገብሱን ሳጭድ ለምን ዝም አልክ በይ።»

እሷ እስክትል መቼ ጠበቀ፤ ዘንጉን አንሥቶ ራሱ ይሟገትላት ጀመር። ለምዱ ሲወዛወዝ ነጠላዋም ይጎተታል፣ እሷም አብራ ወዲያ ወዲህ። «ተጠየቅ፣ ይርዳው» አለ፣ ራሱን እኮ ነው።

አህያ ነጂው እስኪጨርስ ሰማና «እና ማን አየ?» አለው።

ይርዳው ምስክር ሊጠራ ቢል ሟቹ ብቻ ሆነበትና ዘንጉን አወረደ። አጥሩ ይመለስ ተብሎ ተፈረደ። ዘነበች ግን ቋጠሮውን አልፈታችም፤ ባላምባራሱ በለምዱ እንዳለ አጥሩን ሲነቅል ከጎኑ ቆማ «እዚያም አንድ እንጨት ቀርቷል፣ ጌታዬ» ትለዋለች።

አጥሩ ተነቅሎ ሲያልቅ ፈታችው፤ በቅሎው ላይ ሲወጣ «አያ ይርዳው፣ ዛሬስ ተረታህ» አልኩት።

«ማን ተረታ? የረታው ንግግር የማን ሆነና» ብሎኝ ሄደ።

ጉራ ነው እንዳልል እውነቱን ነው፤ ለዘነበች ከእሱ የተሻለ ጠበቃ አንኮበር ላይ አልነበረም።